«ብርዱ ነው» አልኳት

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ልንገረው፦ እዚያ ሰው ቢያስል ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት አገር ነው፤ ሳል የአየሩ አንድ አካል ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ በስልክ ስናወራ እናቴ ሦስት አራቴ ወሬዋን አቋረጠች። ደረቅ ሳል ነው፤ አክታ የለውም፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ላባ ገብቶ የሚኮረኩራት ይመስላል። «እማዬ፣ ብርዱ ነው፤ ጋቢ ደርቢ» አልኳት። «አዎ ልጄ፣ ዘንድሮስ ብሶበታል» አለችኝና ስለ ጎረቤት ሠርግ ማውራት ቀጠልን።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ።

ያኔ ከመስኮት ኋላ ቆሜ መድኃኒት ሳድል ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት ኪኒን ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። እናቴ መስከረም ላይ ግፊት እንዳለባት ሲነገራት ኢናላፕሪሉን ገዝቼ፣ ፓኮው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጠዋት 1» ብዬ ጽፌ፣ በአጎቴ ልጅ እጅ የላክሁላት እኔ ነኝ። በየወሩም እልክ ነበር። ሳሉን ስሰማ ግን ኪኒኑ ትዝ አላለኝም። ደብረ ብርሃን ነው ትዝ ያለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኛው አንባቢ በራሱ ቤት ሊያውቀው ይችላል። መጀመሪያ ፌጦ ተወቀጠ። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ቀጥሎ ዝንጅብል። ታኅሣሥ ላይ ሳሉ ሌሊት ሌሊት መባስ ጀመረ። ጥር ሲገባ ዞር ብሎ የማያየው ጎረቤት ማየት ጀመረ፤ ሁለት ወር የሚያስል ሰው በአገራችን አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። ጤና ጣቢያ ሄዳ የአክታ ምርመራ አደረገች፤ ሳንባ ነቀርሳ የለብሽም ተባለች። አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ስላልተሻላት ሁለተኛ ዙር ሌላ አንቲባዮቲክ ወሰደች፤ ይህን ሁለተኛውን ከአዲስ አበባ የላክሁት እኔው ነኝ፤ ሐኪም ሳያዝ። ቅዳሴ ላይ መሐል ቆማ የምታስቀድስ ሴት፣ ሰውን ላለመረበሽ ብላ ከቅጥሩ ዛፍ ሥር መቆም ጀመረች። ይህንን የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው።

ሁዳዴ ገባ። ጠዋት ኪኒን ለመዋጥ ውኃ ያስፈልጋል፤ ውኃ ደግሞ ጾም ይፈታል። ስለዚህ ኪኒኑን ተወችው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሳሉ ሄደ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ያደረገችውን ስሙ። ለፋሲካ ጾሙ ሲፈታ ኪኒኑን እንደገና ጀመረች፤ ሳሉ ተመለሰ። አቆመች፤ ሄደ። ሦስት ሐኪምና አንድ ፋርማሲስት ልጅ ያላገኙትን ነገር ብቻዋን፣ ያለ ላቦራቶሪ አገኘችው። ከዚያ ለማንም ሳትናገር ኪኒኑን ተወችው።

በስልክ ሳሉ መጥፋቱን አስተውያለሁ። «ተሻለሽ አይደል? እግዚአብሔር ይመስገን» ብያታለሁ።

ሰኔ ላይ አንድ ማለዳ ክብሪት ልትጭር ስትል ቀኝ እጇ እንጨቱን መያዝ አቃተው። ጎረቤት ሲደርስ ንግግሯ ተሳስሯል። ስትሮክ ነበር። ሕይወቷ ተርፏል፤ ንግግሯም ቀስ በቀስ ተመልሷል፤ ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ዛሬ እንጀራ የሚጋገርላት በሌላ ሰው እጅ ነው። ሆስፒታል ሳለች ልብስ ላመጣላት ቤት ስገባ፣ ሣጥኗ ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ አራት ፓኮ ኢናላፕሪል አገኘሁ። አልተከፈቱም። ሁሉም ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጠዋት 1» ይላል።

ለምን እንዳልነገረችኝ ጠይቄያታለሁ። «ገንዘብህን አውጥተህ የምትልከውን አልተስማማኝም ልበልህ?» አለችኝ። ለሐኪሙስ? «ይቆጣኛል ብዬ።»

ኪኒኑን በማቆሟ ነው ስትሮክ ያገኛት ብዬ እንደ ዳኛ መፍረድ አልችልም፤ ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒት እየወሰደም ሊያገኘው ይችላል። ግን ሦስት ወር ያለ መድኃኒት መቀመጧን፣ ምክንያቱንም አውቃለሁ። ምክንያቱ «ጠዋት 1» ከሚለው ቀጥሎ መጻፍ፣ ወይም በስልክ መነገር የነበረበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ሳል ካመጣብሽ ንገሪኝ፤ ሌላ ኪኒን አለ።» አለ እኮ። ሎሳርታን የሚባለው መድኃኒት ሥራው ተቀራራቢ ነው፤ ያንን ሳል ግን አያመጣም። ዋጋው ከፍ ይል ነበር እንጂ እኔው ከምሠራበት መደርደሪያ ላይ ነበረ።

የሳሉ ነገር ራሱ የሚገርም ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰርጂዮ ፌሬራ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ የአገሩን እባብ መርዝ ሲመረምር ብራዲካይኒን የተባለውን የሰውነት ንጥረ ነገር የሚያበረታ ነገር አገኘ። ከዚያ ፍለጋ ተነሥቶ ካፕቶፕሪል ተሠራ፤ በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ኢናላፕሪል ታናሽ ወንድሙ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የደም ሥርን የሚያጠብበውን ንጥረ ነገር የሚሠራ ኢንዛይም ያግዳሉ። ያው ኢንዛይም ብራዲካይኒንንም የሚያፈራርስ ነው። ሲታገድ ብራዲካይኒኑ ይጠራቀምና አንዳንድ ሰው ጉሮሮ ላይ ይኮረኩራል። ከመቶ ተጠቃሚ አምስትም፣ አሥርም፣ አንዳንድ ጥናት ላይ ከዚያም በላይ የሚሆኑት ያስላሉ፤ ሴቶች ይበዛሉ። ሳሉ መድኃኒቱ በተጀመረ በሳምንትም ሊመጣ ይችላል፣ በወራትም። ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሄዳል። ያስቸግራል እንጂ ሳንባ አይጎዳም። አያችሁ፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ መስኮቴ ላይ የሚቆሙትን ሰዎች ሌላ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ። መስኮቱን ልግለጽላችሁ። መስታወት ነው፤ ከታች እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። በሽተኛው ድምፁን ለማሰማት ጎንበስ ይላል፤ አንዳንዱ ሽማግሌ እንደ መስገድ ነው የሚያደርገው። ከኋላው ሃያ ሰው ተሰልፏል። «ጨርሱልን እንጂ!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። በዚያች ቀዳዳ ወረቀት ይገባል፣ በዚያችው ኪኒን ይወጣል፤ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ይባላል፤ «ቀጣይ!» ይባላል። ይህ እንግዲህ የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚጀመርበት ሥርዓት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው አኃዝ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች 1.28 ቢሊዮኑ ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህ 46 ከመቶው እንዳለባቸው አያውቁም፤ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የሆነው ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ ነው። በእኛም አገር በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ከመቶ 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ስለማያውቁት ብዙ ይባላል፤ የመለኪያ ዘመቻ ይደረጋል፣ ድንኳን ይተከላል። እኔን የሚያሳስበኝ አውቆ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ኪኒን ገዝቶ፣ ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ግፊት ሲጀመር አያምም። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ሄዶ፣ በሽተኛ ነህ ተብሎ፣ ኪኒን ሲጀምር ያኔ መታመም ይጀምራል። ይህንን ከእርሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ኪኒኑን ባይጠረጥር ነው የሚገርመው።

መጠየቅ ስጀምር የሰማሁትን ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። አምሎዲፒን ጀምረው ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ። ይህ የዚያ መድኃኒት የታወቀ ጠባይ ነው፤ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ፈሳሽ ወደ እግር ይወርዳል፤ መጠኑ ሲጨምር እብጠቱም ይጨምራል። ማንም አልነገራቸውም። ዘመድ «ኩላሊትህ ነው» አላቸው፤ ደነገጡ፤ ሌላ ቦታ ሄደው ለእብጠቱ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ታዘዘላቸው። እርሱ ደግሞ የዩሪክ አሲድን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ከወራት በኋላ የእግራቸው አውራ ጣት በሪህ ቀላ። ለሪሁ ዳይክሎፌናክ ገዝተው መዋጥ ጀመሩ። ዳይክሎፌናክ ግፊት ያወጣል። በቀጠሯቸው ቀን ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሲገኝ አምሎዲፒኑ ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም አደገ። እግራቸው ይበልጥ አበጠ። ወደ መስኮቴ የመጡት ሦስት ዓይነት መድኃኒት በላስቲክ ይዘው ነው። በመጀመሪያው ቀን «እግር ሊያብጥ ይችላል፤ ካበጠ ኩላሊት መስሎዎት አይደንግጡ፤ ይምጡና ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይ ይቀይረዋል» ቢባሉ ኖሮ፣ የቀሩት ሁለቱ ላይኖሩ ይችሉ ነበር።

አንዲት እናት ከሸኖ እየመጡ የልብ ድካም ክትትል አላቸው። ፉሮሰማይድ ይወስዳሉ፤ ሰው «የሚያሸናው ኪኒን» የሚለው። አውቶቡስ ላይ ሦስት ጊዜ «ውረድ አለብኝ» ማለት ለአንዲት ባልቴት ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። ስለዚህ የቀጠሮ ቀን አይውጡትም። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ አይውጡትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ካለም እንደዚሁ። ስንቆጥረው በሳምንት ሦስት አራት ቀን ብቻ ነው የሚወስዱት። ቀጠሮ ላይ ግን «በትክክል እወስዳለሁ» ይላሉ፤ እግራቸው አብጦ ይታያል፤ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል። የተጨመረው ደግሞ ይበልጥ ያሸናል፤ ይበልጥ ይዘላል። ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረን ያገኘነው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፦ የመንገድ ቀን ቤት ሲደርሱ ከሰዓት ይዋጡት። ይህን ለመናገር አሥር ሰከንድ አይፈጅም። አራት ዓመት ሙሉ ግን የነገራቸው አልነበረም።

ሌላዋ ወጣት ናት፤ ልጅ ሳለች ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ልቧን ጎድቶት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገብቶላታል። ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ የደም ማቅጠኛ የሚባለውን። «ጎመን እንዳትበዪ» ተብላለች። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ ነገሩ መሠረት አለው፤ ትክክለኛው ምክር ግን «አትብዪ» ሳይሆን «መጠኑን አታዛንፊ» ነው። በፍስክ ወራት ጎመን ሳይነኩ ከርሞ ጾም ሲገባ በየቀኑ መብላት ነው ደሙን የሚያዛባው። እሷ ግን ጾመኛ ናት፤ ጎመንን ጨርሳ ተወችው፤ በዚያም ራሷን ጠንቃቃ አድርጋ ቆጠረች። ስለ ሕመም ማስታገሻ የነገራት ሰው የለም። ወገቧን ሲያማት ከሰፈር መድኃኒት ቤት ያው ዳይክሎፌናክ ገዝታ ለሳምንት ዋጠች። ድዷ ሲደማ መጣች። ሰገራዋ ምን እንደሚመስል ስጠይቃት ጥቁር ሆኗል አለችኝ። ያን ቀን መስኮቱን ዘግቼ በታክሲ ወደ ሆስፒታል የወሰድኳት እኔው ነኝ። አለቃዬ ተቆጥቷል፤ ይቆጣ።

አራተኛው ሰው ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዋ ላይ አፉን አስጠግቶ ነው የጠየቀኝ። አርባ ዓመት አይሞላውም። አቴኖሎል ይወስዳል። «ይሄ ነገር... ወንድነት ይነካል እንዴ?» ከኋላው የቆመችው ሴት ስልኳን ማየት አቆመች። ምን መልስ ይሰጣል? እዚያ መስኮት ላይ ምንም። ጓሮ በኩል አስገብቼ ነው ያናገርኩት። ለካ አቁሞት ሁለት ወሩ ነው። እንደ እርሱ ያሉት መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ ልብን ሊያናጉ እንደሚችሉ፣ በተለይ የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ለአደጋ እንደሚያጋልጡ ነግሬው ያንኑ ቀን ሐኪሙ ዘንድ ላክሁት።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ፤ ምክንያቱም ይህንን ስናገር ሁልጊዜ የሚቃወመኝ አንድ ሐኪም ወዳጅ አለኝ። «አንተ ሰው» ይለኛል፣ «ሕዝባችን መድኃኒት የሚተውበት ሰበብ ነው የሚፈልገው። የጎንዮሽ ጉዳት ዘርዝረህ ከነገርከው ነገ አይውጠውም። የነገርከውን ሁሉ ደግሞ ይሰማዋል።»

ቀላል ክርክር አይደለም፤ ማስረጃም አለው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያን ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት ወንዶችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ለሁሉም አቴኖሎል ሰጣቸው። ምን እንደሚወስዱ ካልተነገራቸው መካከል የስንፈተ ወሲብ ችግር ያሉት ከመቶ 3 ናቸው። የመድኃኒቱ ስም ብቻ ከተነገራቸው መካከል ከመቶ 16 ያህሉ። ስሙም፣ ያንን ችግር ሊያመጣ እንደሚችልም ከተነገራቸው ደግሞ ከመቶ 31። ያው ኪኒን ነው። በ2020 የወጣ የለንደን ጥናት ደግሞ በሕመም ስሜት ምክንያት የኮሌስትሮል መድኃኒት ያቆሙ 60 ሰዎችን አጠና፤ አንዳንዱን ወር እውነተኛውን ኪኒን፣ አንዳንዱን ወር ባዶ ኪኒን፣ አንዳንዱን ወር ምንም ሳይሰጥ። በእውነተኛው ጊዜ ከተሰማቸው ሕመም 90 ከመቶው በባዶውም ተሰማቸው። ስለዚህ ወዳጄ ልክ ነው፤ ቃል ያሳምማል። እኛ ሟርት የምንፈራ ሕዝብ ስለሆንን ይህ አይደንቀንም።

ግን ያው የለንደን ጥናት የቀረ ግማሽ አለው፤ ወዳጄ እሱን አይጠቅስም። ውጤቱ ለተሳታፊዎቹ በዝርዝር ሲታያቸው ከእነርሱ ግማሽ የሚሆኑት መድኃኒቱን እንደገና ጀመሩ። ያስጀመራቸው ዝምታ አይደለም። ደግሞም የእናቴ ሳል በቃል የመጣ አልነበረም፤ ማንም አልነገራትም እኮ። ዝም ብንልም ታስላለች። ዝምታችን ያደረገው ነገር ቢኖር ብቻዋን እንድትወስን መተው ነው።

አንዳንዴ ጥፋቱ ከስሙ የሚጀምር ይመስለኛል። «የጎንዮሽ ጉዳት» እንላለን። ጉዳት! የአፍ መድረቅም ጉዳት፣ የምላስ ማበጥም ጉዳት። ይህን ቃል ሰምቶ የማይደነግጥ ማን አለ? እኔ መስኮት ላይ ትቼዋለሁ። «ጠባይ» ነው የምለው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በሬም ጠባይ አለው፣ ምጣድም ጠባይ አለው። ጠባዩን ካወቅህ አብረኸው ትኖራለህ፤ ካልቻልክ ትለውጠዋለህ።

አሁን ኢናላፕሪል ለሚጀምር ሰው የምለው ይህን ነው፦ «እማማ፣ ይህች ኪኒን ግፊትዎን ታወርዳለች። ጠባይ አላት። አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ታመጣለች፤ አብዛኛው ሰው ላይ አታመጣም። ካመጣችብዎት ብርድ ነው ብለው ዝም አይበሉ፤ በራስዎም አያቁሟት፤ ይምጡ፤ የማታስል ሌላ አለች። ከንፈርዎ ወይ ምላስዎ ካበጠ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔውኑ አቁመው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ።» ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ደግሞ እርግዝና ካሰበች ቀድማ ለሐኪም እንድትናገር እጨምራለሁ፤ ይህ መድኃኒት ፅንስ ይጎዳል። በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ተናግሮ ማቆም ግን ማስተማር አይደለም፤ ይህንንም በጥፊ ነው የተማርኩት። አንድ አባት ያልኩትን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ሊሄዱ ሲሉ «አባባ፣ ቤት ሲደርሱ ልጅዎ 'ምን አሉህ?' ብትል ምን ይሏታል?» አልኳቸው። «ሳል ከመጣ ወደ ድንገተኛ መሮጥ፤ ምላሴ ካበጠ ቀስ ብዬ መጥቼ ሌላ ኪኒን መቀየር» አሉኝ። ገልብጠውታል። እንደገና ጀመርን። ከኋላ «ጨርሱልን!» የሚለው ሰውዬ ያን ቀንም ነበረ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ግን እርሱ ራሱ ከአባባ ቀድሞ መለሰልኝ።

አገራችን ይህን አትችልበትም እንዳይባል ደግሞ ችላ አይተናታል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር በሽተኛው ኪኒን ከመንካቱ በፊት ተቀምጦ ይመከር ነበር። ምን ሊሰማው እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚያልፍ፣ በየትኛው መሮጥ እንዳለበት፣ ጾም ሲገባ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነገረዋል። ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሠልጥነው አማካሪ ሆነዋል። ቅዠቱን፣ ማቅለሽለሹን ራሳቸው ያዩት ስለሆኑ ሰው ያምናቸው ነበር። ያንን ክፍል፣ ያንን ወንበር፣ ያንን ትዕግሥት ለግፊትና ለልብ በሽተኛ ለምን ነፈግነው? ገንዘቡ ከውጭ ስለመጣ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እውነት አለው። ግን በየክትትል ክፍሉ ደጃፍ ለሦስት ሰዓት ወረፋ የሚጠብቁ አርባ የግፊት በሽተኞች ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ከእነርሱ መካከል ሳሉን ያለፈ፣ እብጠቱን ያለፈ፣ መድኃኒት የቀየረ ሰው አለ። ተነሥቶ ሩብ ሰዓት ቢያወራ የሚያስከፍለው ምንድን ነው?

ለባለሙያ ወንድሞቼና እኅቶቼም አንድ ነገር። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒት ያመጣውን ችግር የምናሳውቅበት ቢጫ ቅጽ አለው። እኔ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም አልሞላሁም ነበር፤ መሳቢያዬ ውስጥ ወረቀት መጠቅለያ ሆኖ አልቋል። የመጀመሪያውን የሞላሁት ለእናቴ ነው፤ ዘግይቼ።

እናቴ አሁን ሎሳርታንና አምሎዲፒን ትወስዳለች፤ ጾም ሲሆን ሐኪሟን አስፈቅዳ ማታ ታደርገዋለች። ቡና ላይ የጎረቤቶቿን ኪኒን ሁሉ አስመጥታ በስልክ ታስነብበኛለች፤ «የእትዬ እገሊትን ጠባይ ንገረኝ» እያለች። ባለፈው ወር ስሄድ አዲስ ፓኮ ይዤላት ገባሁ። በግራ እጇ ተቀብላ አገላበጠችው።

«ይቺኛዋ ያቺ እግር የምታሳብጠዋ ናት?»

«እሷ ናት።»

ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ጉድጓድ ይቀር እንደሆነ አየች። ከዚያ ውኃ እንድቀዳላት በአገጯ ወደ እንስራው ጠቆመችኝ።